የውሸቷ ዓሣና የባለቤቴ ዕቁብ

እዚህ ገጽ ላይ «እሷ እንዲህ ብታደርግ፣ እሱ እንዲያ ቢል» እያልኩ የሰውን ትዳር ስመክር ኖሬያለሁ። ዛሬ ተራው የኔ ነው። ከባለቤቴ ጋር ያቆራረጠችኝ ሌላ ሴት አይደለችም። መጠጥ አይደለም፣ ጫት አይደለም፣ ቁማርም አይደለም። ዓሣ ናት! እሷም እውነተኛ ዓሣ ብትሆን ደግ ነበር። ከብረትና ከፕላስቲክ የተሠራች፣ ሆዷ ሥር መንጠቆ የተንጠለጠለባት የውሸት ዓሣ ናት።

ሳቃችሁ አይደል? ባለቤቴም መጀመሪያ ላይ ስቃ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምኖረው ቡራዩ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከዚያ ወዲያ ያልገፋሁ፣ በጻፍኩት ልክ የሚከፈለኝ ሰው ነኝ። ሱሉልታ ውስጥ ጋራዥ ያላቸው፣ እኔ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ወዳጅ አሉኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሥራ ጠፍቶብኝ ቀኑን ሙሉ ተጋድሜ ስውል፣ «ተነስ፣ ሰውነትህ ሳይዝግ» ብለው በጫንጮ በኩል ወደ ሙገር ሸለቆ ይዘውኝ ወረዱ። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዋ ነጭ ዓሣ ክሩን ስትጎትተው እጄ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅዳሜን ስጠብቅ እንደ ሕፃን ነው የሚያደርገኝ።

በዚህ መሐል ሲያትል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ለእረፍት መጣ። አላስካ የዓሣ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ልጅ ነው። ስጦታ ብሎ አንድ ሣጥን አመጣልኝ። ከፈትኩት። አሥራ ሁለት የሳልሞን ማጥመጃዎች! ቀይ፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ እንደ መስተዋት የሚያብረቀርቁ።

ሳልሞን በሌለበት የሳልሞን ማጥመጃ?

ሳልሞን በአገራችን ወንዝ ውስጥ የለም። ሳልሞን የሚወለደው በወንዝ ነው፣ የሚያድገው በባሕር ነው፣ ለመራባት ደግሞ ተመልሶ የተወለደበትን ወንዝ ሽቅብ ይወጣል። የፓሲፊኩ ሳልሞን እንቁላሉን ጥሎ እዚያው ይሞታል። ለዚህ ኑሮ ባሕር የሚደርስ ወንዝ ያስፈልጋል። የሰበታና የቡራዩ ውኃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ አዋሽ ደግሞ ባሕር ሳያይ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሱሉልታው ውኃ በሌላ ወገን ወደ ሙገር፣ ከሙገር ወደ ዓባይ ይወርዳል። አንድ የእንጦጦ ዝናብ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ በረሃ ሲቀር ግማሹ ሜዲትራኒያን ይደርሳል ማለት ነው።

የሳልሞን ዘመድ ትራውት ግን አገራችን አለ። በንጉሡ ዘመን ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ላይ እነ ዌብ ወንዝ ውስጥ ተለቋል። ኑሮው ሳልሞንን የሚመስል የራሳችን ዓሣም አለን፤ የጣናው ነጭ ዓሣ። በክረምት እነ ጉማራን፣ እነ ርብን፣ እነ መገጭን ሽቅብ ወጥቶ ይራባል። እንደ ሳልሞኑ አይሞትም፤ ተመልሶ ሐይቁ ይገባል። ከጣና ነጭ ዓሣ ዓይነቶች ውስጥ ስምንቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ አዳኞች ናቸው።

ስለዚህ ማጥመጃው የተሠራው ለሳልሞን ቢሆንም የኛም ዓሣ ይነክሰዋል። እንዲያውም ሳልሞን ወደ ወንዝ ከተመለሰ በኋላ መብላት ስለሚያቆም ማጥመጃው የሚሠራው እንዲያናድደው ነው። ለዚህ ነው እንዲህ የሚጮህ ቀለም የሚቀቡት። ተናዶ የሚነክስ ደግሞ የትም አገር አለ።

የተሸጠው ቅዳሜ

ከአሥራ ሁለቱ ማጥመጃዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ዘጠኙ አለቁ። የኛ ወንዝ ድንጋይ ነው። ግማሹ ድንጋይ ሥር ተሰንቅሮ ቀረ፣ ግማሹ ቀለሙ ተላጠ፣ የቀረው መንጠቆው ዛገ። ሦስት ቀሩኝ። እኔም ስድስት አዲስ አስመጣሁ። አንዱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር፣ ስድስቱ ሰባት ሺህ ሁለት መቶ ብር።

ብሩን ከየት አመጣሁት? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የባለቤቴ ዕቁብ ደርሷት፣ የልጃችን የመዋዕለ ሕፃናት መመዝገቢያ ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠችው ነበር። «እስክትፈልገው እመልሰዋለሁ» ብዬ አነሳሁት። ሳልነግራት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንዱ አዲስ ማጥመጃ ከዓሣው ጋር ሄደ። ክሩ የታሰረባት ቀለበት እንደ ክር ተከፈተች። ሁለተኛው ድንጋይ መትቶ ተሰነጠቀ። የሦስተኛው መንጠቆ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ፤ እሱንም ወንዙ ወሰደው። ባዶ እጄን፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤት ገባሁ።

ሰኞ ዕለት ባለቤቴ ልጁን ልታስመዘግብ ሄደች። ማታ ስመለስ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ልጁን ይዛ ሰበታ እናቷ ቤት ሄዳለች።

ያልሠራሁት ዘዴ የለም። ደወልኩ፣ አታነሳም። መልእክት ላክሁ፣ ታነባለች አትመልስም። በመጨረሻ ጋሼን ሽማግሌ አድርጌ ሰበታ ሄድኩ። ሰበታ እንግዲህ የዓሣ ከተማ ናት። የአገሪቱ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ያለው እዚያ ነው። እኔን ግን ያን ቀን ዓሣ የሚለው ቃል ሲነሳ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ቡና ተፈላ። አማቴ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ በዚህ ዓመት ስንት ዓሣ አመጣህ?» አሉኝ።

«አራት ነው፣ እማማ።»

ጣታቸውን ቆጠሩ። «እንግዲያው አንዱ ዓሣ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ብር! ይኸ ዓሣ ወርቅ ነው የሚበላው?»

ጋሼ ሳቃቸውን ዋጡ። እኔ ቀና አላልኩም። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። «እኔን ያቃጠለኝ ብሩ አይደለም» አለች። «ልጁን ይዤ ተሰልፌ፣ ተራዬ ደርሶ ቦርሳዬን ስከፍት፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ብሩ ጎደለ። ‹ይቅርታ፣ ሌላ ቀን እመጣለሁ› ብዬ ወጣሁ። ልጁ ‹እማዬ፣ ተማሪ ቤት አልገባም እንዴ?› አለኝ። እሱን መልስልኝ።»

ውድ አንባቢያን፣ መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም።

በመጨረሻ ጋሼ ሦስት ነገር አስማሙን። አንደኛ፣ በየወሩ ስድስት መቶ ብር እየከፈልኩ ዓመት ሙሉ ዕቁቡን እመልሳለሁ። ሁለተኛ፣ ዕዳው እስኪያልቅ አዲስ ማጥመጃ አልገዛም፤ ያሉኝን ጠግኜ እጠቀማለሁ። ሦስተኛ፣ ከቤት አንድ ብር ሳነሳ አስቀድሜ እናገራለሁ። የመመዝገቢያውን ጉድለት ጋሼ በብድር ሞሉልን። «ዓሣ ማጥመዱንስ ይተው?» ሲሉ አማቴ ጠየቁ። ባለቤቴ ትንሽ አሰበችና «አይተው። ያን ጊዜ ተጋድሞ ሲውል የነበረውን ሰው አልፈልገውም» አለች። ይኸን ስትል ነው እንባዬ የመጣው።

እንግዲህ ሰባት ማጥመጃ ይዤ፣ ከነሱም አንዷ ስንጥቅ፣ ጋሼ ጋራዥ ገባሁ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ። ዓሣ ለማያጠምድም ቢሆን ከመጣል በፊት መጠገንን ያስተምራል።

ዕድሜዋ እንዲረዝም

1. ቀለበቷን ፈትኑ። አንዳንድ ማጥመጃ የሚጠፋው አካሉ ተሰብሮ ሳይሆን ክሩ የታሰረባት ትንሿ ቀለበት ተከፍታ ነው። አምስት ሊትር ጀሪካን ውኃ ሙሉና ቀለበቷ ላይ አንጠልጥሉት። አምስት ኪሎ ማለት ነው። ከተከፈተች ጣሏት፣ በማይዝግ ጠንካራ ቀለበት ተኳት። ይኸን ፈተና ቀድሜ ባውቅ ኖሮ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብሬ ወንዝ ባልገባች።

2. ባለ ሦስት ጣቱን መንጠቆ በአንድ ወፍራም መንጠቆ ለውጡ። የሰሜን አሜሪካ ሳልሞን አጥማጆችም ይኸን ያደርጋሉ፤ በብዙ ወንዞች ሕጉም ያስገድዳቸዋል። ባለ ሦስቱ ቀጭን ስለሆነ ይታጠፋል፣ ድንጋይና ሥር ሁሉ ይይዛል። አንዱ ወፍራም ግን አይታጠፍም፣ ትንሽ ዓሣ ሲይዝም ሳትጎዱት ነቅላችሁ መልቀቅ ትችላላችሁ። አንድ ጥንቃቄ አለው። ክብደቱ ከበፊቱ በጣም ከተለየ ማጥመጃዋ በውኃ ውስጥ አካሄዷ ይበላሻል። ወንዝ ከመሄዳችሁ በፊት ሰፊ ሳፋ ውኃ ሞልታችሁ ጎትታችሁ እዩአት። ካልተወዛወዘች ዓሣውን አታታልልም።

3. ብሎኗን አጽኑ። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማጥመጃ ላይ መንጠቆ የሚታሰርባት ባለ ቀዳዳ ብሎን ትፈታለች። ፍቷት፣ ቀዳዳው ውስጥ ሁለቱ ተቀላቅሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ ጠብ አድርጉና መልሳችሁ እሰሯት። ውኃም በዚያ አይገባም። በተለይ እንጨት ውኃ ከጠጣ አብጦ ይሰነጠቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን የጋሼ ዘዴ ነው። አካሉን ከአፍንጫ እስከ ጭራ በትራፓኖ በስተው የማይዝግ ሽቦ ያሳልፉበታል። ክሩም መንጠቆውም ሽቦው ላይ ይታሰራል። አካሉ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ሽቦው ላይ ይቀራል። ስንጥቋን ማጥመጃዬን ያዳንኳት በዚህ ነው።

4. ቀለሟን ጠብቁ። የተላጠውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት በስሱ ፈግፍጉት፤ ልሙጥ ነገር ላይ ቀለም አይይዝም። በሳሙና እጠቡ፣ አድርቁ። ከዚያ ስስ አድርጋችሁ ሁለቴ ቀቡና ሲደርቅ ኢፖክሲ አልብሱት። ኢፖክሲው እስኪረጋ ማጥመጃዋን ቀስ እያላችሁ አዙሯት፣ አለዚያ ወደ አንድ ወገን ይንጠባጠባል። ሱሉልታ ብርድ ነው፤ ኢፖክሲ በብርድ ቶሎ አይደርቅም፣ ለቀናት እንደ ማር ይጣበቃል። እኔ ባለቤቴ እንጀራ ጋግራ ከጨረሰች በኋላ ሙቀቱ ያልወጣው ክፍል ውስጥ አንጠለጥላታለሁ። ምግብ በሚበስልበት ሰዓት ግን አይሆንም፤ ሽታው ለጤና አይበጅም።

ለቀለሙ ኩቴክስ ይሠራል። የሴቶቹ የጥፍር ቀለም! ጠንካራ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ እንደ ልብ ቀለም አለው። ነገር ግን አንዳንድ ፕላስቲክ ያቀልጣል፤ መጀመሪያ በማይታይ ቦታ ሞክሩት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ባለቤቲቱን ጠይቁ። ሳይጠይቁ ማንሳት ምን እንደሚያመጣ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

5. ክሩን አትርሱ። ክሩ ከድንጋይ ጋር ከተፋተገ በኋላ ከማጥመጃዋ በላይ ያለውን አንድ ሜትር ቆርጣችሁ እንደገና እሰሩ። ቋጠሮውን ከማጥበቃችሁ በፊት በምራቅ አርጥቡት። ናይለን ደረቁን ሲሳብ በፍትጊያ ይሞቃል፣ ይደክማል። ማጥመጃው ጥፋት የለበትም፣ ክሩ ነው የሚከዳን።

6. ሳታደርቁ ሣጥን አትክተቱ። አንድ እርጥብ መንጠቆ ሣጥኑን ሙሉ ያዝጋል። ጠርጋችሁ፣ አየር አስመትታችሁ ክተቱ። በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትመጣዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣሏት፣ ሣጥኑ ውስጥ ጨምሯት። የደነዘዘ መንጠቆ በሞረድ ይሳላል፤ ጥፍራችሁ ላይ አሳርፋችሁ ከተንሸራተተ ገና አልተሳለም።

7. ከጠፋም ራሳችሁ ሥሩ። በ1852 እ.ኤ.አ. ጁሊዮ ቡዌል የተባለ አሜሪካዊ በማንኪያ ቅርጽ የተሠራ ማጥመጃ በስሙ አስመዝግቧል። ሐይቅ ላይ ሲበላ ማንኪያው አምልጦት ዓሣ ሲዘልበት አይቶ ነው ይባላል። አሮጌ ማንኪያ እጀታውን ቆርጣችሁ፣ ግራና ቀኝ በስታችሁ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሳችሁ ቀለበትና መንጠቆ ማሰር ነው። የነሐስ ከሆነ በአመድና በሎሚ ብትፈትጉት እንደ ፀሐይ ያበራል። ማንኪያዋን ከመደርደሪያ ስታነሱ ግን… አሁንም ጠይቁ!

እባካችሁ፣ እርሳስ አታቅልጡ

ይኸን በቀልድ አልጽፈውም። እዚሁ ቡራዩ አንድ ወጣት ለማጥመጃው ክብደት ብሎ የአሮጌ መኪና ባትሪ ሰብሮ፣ እርሳሱን በከሰል ምድጃ ላይ ሲያቀልጥ ደረስኩበት። ሚስቱ ወጥ የምትሠራበት ምድጃ ነው። የሁለት ዓመት ልጃቸው አጠገቡ ትድሃለች። ጮኬ አስቆምኩት፤ ተቀየመኝ። እርሳስ በጢሱም በብናኙም ወደ ሰውነት ይገባል፣ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። የዓለም የጤና ድርጅት ለልጅ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል። ለክብደት ዳዶ ይበቃል። አንድ የብረት ዳዶ በክሩ አሳልፋችሁ እሰሩ፣ አለቀ። ያ ወጣት በኋላ ልጅቷን ሐኪም ዘንድ ወስዶ አስመርምሯል። አሁን ሰላም እንባባላለን።

ሌላም አለ። የተበጠሰ ክርና የተሰበረ መንጠቆ ወንዝ ዳር አትጣሉ። ባዶ እግሩን የሚሄድ እረኛ አለ፣ ሣር የምትግጥ ላም አለች። ገፈርሳ ደግሞ የአዲስ አበባ ሕዝብ የሚጠጣው ውኃ ነው፤ አጠገባችን ነው ተብሎ መንጠቆ ይዞ አይገባም። አገሪቱ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አላት፤ የት፣ በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚጠመድ የአካባቢያችሁን ግብርና ቢሮ ጠይቁ። በክረምት ዓሣው ለመራባት ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ተዉት። የጣናው ነጭ ዓሣ የተመናመነው በዚያ ሰዓት ወንዝ አፍ ላይ እየተጠበቀ ስለሚያዝ ነው። ውኃው ቡናማ ሆኖ ሳለ የውሸቷን ዓሣ ማንም አያያትም፤ ጥቅምትና ኅዳር ሲጠራ ውረዱ።

ታዲያ መጨረሻው ምን ሆነ?

ባለቤቴ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። የገባሁትን ቃል በአንድ ቀን አላመነችኝም፣ ማመንም አልነበረባትም። እስከዛሬ አሥር ወር ከፍያለሁ፣ ሁለት ወር ይቀረኛል። ከሰባቱ ማጥመጃዎች በአሥር ወር የጠፉት ሁለት ብቻ ናቸው። በፊት በአንድ ዓመት ዘጠኝ የጨረስኩ ሰው ነበርኩ! ከተሞቻችን ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም ሸገር ከተማ ተብለው አንድ ሆነዋል። እኔ ግን አሁንም ሰበታ ስሄድ የሌላ አገር ፍርድ ቤት የምገባ ይመስለኛል። አማቴ በር ላይ ሳይጨብጡኝ በፊት «ዛሬስ ስንት ያዝክ?» ይሉኛል።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቀለሟ የተላጠ ማጥመጃ ይዤ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ መጣችና ግማሹ ያለቀ ቀይ ኩቴክስ አስቀመጠችልኝ። «ይኸ ደርቋል፣ ለኔ አይሆንም» አለች። ከፈትኩት። አልደረቀም። ምንም አላልኩም፣ እሷም ምንም አላለችም። ልጃችን መጥቶ «አባዬ፣ ዓይኗን እኔ ልቀባ» አለ። ቀባ። ዓይኗ አፏ ላይ ሆነ። እሷን ወንዝ አልወስዳትም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን ባለቤቴ አሁንም ሣጥኑን ከፍታ ትቆጥራለች። ይገባታል።

ባለ ትዳሮች፣ የምትወዱት ነገር ካለ፣ ዓሣም ይሁን ኳስ ወይም ልብስ፣ አትተዉት፤ የሚወደው ነገር የሌለው ሰው ለቤቱም ሸክም ነው። ነገር ግን ከራሳችሁ ድርሻ ይሁን፣ አስቀድማችሁም ተናገሩ። «እመልሰዋለሁ» ብሎ የተነሳ ብር ይመለሳል። ያች ተሰልፋ ተራዋ የደረሰ ሰዓት ግን አትመለስም። ገንዘቡን በአሥራ ሁለት ወር ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ እሷን ግን ገና እየከፈልኩ ነው።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ቸር ይግጠመን!